ከልጅ ጋር የሚረዝም ብረት

በ2008 ዓ.ም. ከኅዳር ጀምሮ ሰበታ ላይ ኑሮ ከበደ። ዋና ከተማዋን ወደ ዙሪያዋ ሊያሰፋ በታቀደው ማስተር ፕላን የተነሳ ተቃውሞ ነበር። የጅማ መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል። የታሰረ አለ፤ የሞተ አለ። ገበያው ሳሳ።

የካቲት ላይ አንድ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ መንገዱ እስኪከፈት ስጠብቅ ከጎረቤቴ ከኦቦ ዲሪርሳ ጋር ተገናኘን። ዲሪርሳ ወጌሻ ናቸው። አጠገባቸው የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ሄመንና የወንድማቸው ልጅ ነርሷ ላሊሴ ተቀምጠዋል። የሄመን ጀርባ ወደ ጎን ታጥፏል፤ ስትሮጥ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለ ጀርባዋ ቀዶ ጥገና የወሰኑትን ለሐኪሙ ሊነግሩ ወደ ከተማ ሆስፒታል እየሄዱ ነው።

«አካም፣ ኦቦ ዲሪርሳ። ምን ወሰናችሁ?» አልኩ።

«አንድ ጊዜ አቅንተው በብረት ይቆልፉትና ይብቃት ብያለሁ፣ አቶ ታመነ። ላሊሴ ግን በየስድስት ወሩ ትከፈት ትለኛለች። ልጅ ናት ወይስ የእህል ጆንያ?»

ላሊሴ ረጋ ብላ መለሰች። «አባባ፣ አሁን ከተቆለፈ አጥንቱ እዚያ ላይ ማደግ ያቆማል። ደረቷ ይጠባል፤ ሳንባዋ ቦታ ያጣል። በየስድስት ወሩ የሚከፈተው ብረት ግን የሚያዘው ከላይና ከታች ብቻ ነው። እሷ ስታድግ ትንሽ ከፍተው ያስረዝሙታል።»

«ሳይከፈት የሚረዝም የለም?» አልኩ።

«አለ፤ ከውጭ በማግኔት ይሳባል። ሐኪሙ ግን እኛ ጋ ገና አልተገኘም ብሏል።»

«ሐኪሙ ብረቱ ይሰበራል ማለቱንስ ለምን አትነግሪያቸውም?» አሉ ዲሪርሳ።

«ሊሰበር ይችላል። ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ አይታለፍም።»

«ዝናብ ሲመታኝ ይዝጋል?» አለች ሄመን።

«አይዝግም» አለች ላሊሴ።

«ሞባይል ቻርጅ ያደርጋል?»

«አያደርግም።»

ልጅቷ ቅር አላት።

ላሊሴ ወደ አጎቷ ዞረች። «አባባ፣ የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ሲያስሩ እስኪድን ሳይነኩት ይተዉታል?»

«ምን ነካሽ! በሦስተኛው ቀን እፈታዋለሁ። እብጠቱ ሲጎድል ይላላል፤ ከጠበቀ ደግሞ ጣቱ ይጠቁራል። አስተካክዬ መልሼ አስራለሁ።»

«ሰውየው አይጮህም?»

«ይጮሃል። አያቴን ሳይቀር ይሰድባል።»

«ስለጮኸ ይተዉታል?»

ዲሪርሳ የልጅቷን ጀርባ በመዳፋቸው ዳበሱ። «ሐኪሙም እንደኔ ፈትቶ አሳሪ ነዋ» አሉ። ሰው የራሱን ሙያ በሌላ እጅ ሲያየው መቀበል አይከብደውም።

ግን ፊታቸው አልተፈታም። «እሺ ልበል። መንገዱ እንዲህ እየተዘጋ በቀጠሮዋ ቀን ማን ያደርሳታል? አንዴ ይብቃት ያልኩት እሱን ፈርቼ ነው።»

«የእህቴ የየሺሃረግ ቤት ከሆስፒታሉ ማዶ ነው። ሳምንት ቀድማችሁ ትገባላችሁ» አልኩ።

«ሰው ማስቸገር...»

«በ1982 ዓ.ም. እግሬ ሲሰበር ቤትዎ ወር ሙሉ አስተኝተው አሽተውኛል። ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ሃያ ስድስት ዓመት መክፈያ አጥቻለሁ።»

ረፋዱ ላይ ሚኒባስ ተገኘ፤ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አለፈ። መንገዱ ሁለት ጊዜ በቀጠሮዋ ቀን ተዘጋ፤ እነሱ ግን ቀድመው ገብተው ነበር። ብረቱ ስድስት ጊዜ ረዘመ፤ ሄመንም አብራ ረዘመች። ትምህርት ቤት እየሮጠች ትሄዳለች፤ ትንፋሿ አይቆራረጥም። ዲሪርሳም ጀርባው የታጠፈ ልጅ ሲመጣላቸው ማሸት ትተዋል። «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት» ይላሉ።

ከስድስተኛው ማስረዘሚያ ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆመው እግሬን ተመለከቱ። «ያኔ ጠማማ አድርጌ ሰርቼው ቢሆን ማን ያስጠጋን ነበር?» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም እጄን ጨብጠው «አቶ ታመነ፣ ከእንግዲህ ዕዳ የለብዎትም» አሉኝ።