መስኮቱን ትንሽ ይክፈቱልኝ

ጠዋት ከአቃቂ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ሴት አጠገቧ መስኮት ዳር ያሉ አንዲት እናትን ለመነቻቸው።

«እማማ፣ መስኮቱን ትንሽ ይክፈቱልኝ።»

«ብርድ ይመታኛል ልጄ።»

«ሰውነቴ እሳት ሆነብኝ እኮ።»

«በዚህ ብርድ?»

«የምውጠው ኪኒን ነው። የጡት ካንሰር ታክሜ ነው። በሴት ሆርሞን ነው የሚያድገው አሉኝ፤ ኪኒኑ ሆርሞኑን ይከለክልበታል፣ እኔን ግን ያቃጥለኛል።»

«ውይ፣ እግዜር ይማርሽ! ሲጀምርሽ በጣም አመመሽ?»

«ምንም። ሽምብራ የምታክል እብጠት ነበረች።»

«አታምምም?»

«አታምምም። ስለማታመኝ ነው ዓመት ሙሉ ዝም ያልኳት።»

ቃሊቲ ላይ ሁለት ሰው ወረደ።

«የእኔም አታምምም» አሉ እናትየው ከዚያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የእርስዎ ምን?»

እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ብብታቸው ላይ አደረጉ።

«ለልጆቼም አልነገርኩም።»

«አሁን ወዴት ነዎት እማማ?»

«ገበያ።»

«ገበያው ይቅር። እኔ ወደ ሐኪሜ ነኝ፤ አብረን እንወርዳለን።»

እናትየው መስኮቱን በራሳቸው እጅ እስከ መጨረሻው ገፉት።

ንፋሱ ፊቴን ሲመታኝ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ሳብኩ።