ከአጥር በታች ያለው ለስላሳ አፈር

ቅዳሜ ከሱስዋ የከብት ገበያ ስመለስ ካፊያ ያዘኝና ስልክ ቻርጅ ከሚደረግባት ሱቅ በረንዳ ተጠለልኩ። ሽማግሌው ኦሌ ኩዮኒ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ናሮክ ኮሌጅ የተማረችውን የወንድማቸውን ልጅ ሲማሎይን ይሞግታሉ። እኔም ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና ክርክር ሲገኝ አላልፍም።

"መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን" አሉኝ። "ለልጄ ሚስት ቤት መሥሪያ ከአጥሬ በታች ቦታ መርጬ ምልክት የሚሆን እንጨት ተክያለሁ። አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ሴቶቹ ቋሚውን ሳይደክሙ ይተክሉታል። ይህቺ ግን እዚያ አትሥሩ ትለኛለች፤ አንድ ልጅ በስልክ ስለ ድንጋይ ሲያወራ ሰምታ።"

እኛ ከብት አርቢዎቹ ዘንድ ቤት የምትሠራው ሴት ናት። ለምራት አፈሩ ለስላሳ የሆነ ቦታ መስጠት ደግሞ የአማት ደግነት ተብሎ ይወራል። መሬቱ ለምን ለሰለሰ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

"ልጅ አይደለም አባባ፤ መምህር ሌኪሾን ነው" አለች ሲማሎይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በኢንተርኔት በራሳችን ቋንቋ ያስተምራል። እግራችን ሥር ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ውኃ ከውስጥ ሲሸረሽረው መሬቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ መልሶ አፈር ሲሞላው ደህና መሬት ይመስላል፤ የሚለሰልሰውም ለዚህ ነው ይላል።"

"ከብት እንኳ የሌለው ሰው ስለ መሬት ምን ያውቃል?"

"ትምህርቱን ያዩ ሰዎች ከሥሩ የጻፉትን ላንብብልዎት።"

አነበበችልን። አንዱ "ይህ ሰው ስለ ድንጋይ ሲያወራ ስለ ጊደሮቹ የሚያወራ ይመስላል" ብሏል። አንዷ "ስንጥቁ በጓዳዬ አልፎ ድስቴን ወስዶብኛል፤ ጎረቤት አስደግማብሽ ነው ሲል የከረመው ባሌ ዛሬ ይህን አይቶ አፈረ" ትላለች። ሌላው ደግሞ ምድራችን ቀስ በቀስ ለሁለት እየተከፈለች ነው የሚለውን የመምህሩን ትምህርት ሰምቶ "አገሩ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ ላሞቼን በየትኛው ወገን ላሰማራ?" ብሎ ጠይቋል። መምህሩ ሳይስቅበት፣ ያ እጅግ ብዙ ዘመን እንደሚፈጅ አስረድቶ፣ "ለዛሬ ሣር ባለበት አሰማራ" ብሎ መልሶለታል። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። ዕድሜ ልኬን ሳስተምር እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ አላገኘሁም፤ እንዲህ በትዕግሥት መመለሴንም እጠራጠራለሁ።

ሽማግሌው ግን "ጨዋታ ነው" ብለው ሊነሱ ዱላቸውን አነሡ።

"አንድ ይቀራል" አለች ሲማሎይ። "'ይህን የምጽፈው አያቴ ኦሌ ናይጉራን እየነገሩኝ ነው። መምህሩ እውነቱን ነው ይላሉ። በጉብዝናቸው ጊዜ ከኦሌ ኩዮኒ ጋር ከብት ሲጠብቁ፣ ከነኩዮኒ አጥር በታች መሬቱ ተከፍቶ አንዲት ጥቁር ጊደር ዋጠባቸው። ድንጋይና እሾህ ሞሉበት። ኩዮኒ በሕይወት ካለ ያስታውሳል ብለዋል።'"

በወጣትነት አብሮ የተገረዘን እኩያ ቃል ውሸት ነው ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ኦሌ ኩዮኒ ዱላቸውን መልሰው አስቀመጡ።

"ጊደሯ የአባቴ ነበረች" አሉ። "ግንባሯ ላይ ነጭ ነበራት። ቦታውን ሣር ሲያለብሰው ረሳሁት።" ከዚያ ወደ ሲማሎይ ዞሩ። "ምራቴን እዚያ ላስተኛት ነበር እኮ።"

"አሁን አወቁ፤ አልረፈደም አባባ።"

"የት እንሥራ ታዲያ?"

"ከላይ፣ ጭንጫው ላይ።"

"ሴቶቹ ይሰድቡናል።"

"ይስደቡን" አልኩ እኔም፤ ፍርዴ ይኸው ነበር።

ተሰደብን። ምራትየው ጭንጫውን ስትቆፍር እጇ ውኃ ቋጠረ፤ እኔንም ከአማቷ ጋር ደርባ ረገመችኝ።

ትልቁ ዝናብ በጣለ ሰሞን ከአጥሩ በታች ያለው መሬት ሰምጦ አደረ። ለምልክት የተተከለችው እንጨት ገደሉ ውስጥ ገብታለች። ከላይ ያለው ቤት ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ቤት ከመሠራቱ በፊት ሽማግሌዎች ተጠርተው የድሮው ስንጥቅ በየት ያልፍ እንደነበር ይጠየቃሉ፤ የሚያስታውሱትን ወጣቶቹ ለመምህሩ ይልኩለታል። የተማረውና ያየው ሲነጋገሩ ሰው ተኝቶ ያድራል።

ኦሌ ኩዮኒም ለሲማሎይ እየነገሩ ያስጻፉት ቃል እስከ ዛሬ ከትምህርቱ ሥር ይነበባል፦ "ናይጉራን፣ በሕይወት አለሁ። ምራቴም አለች።"