ወይዘሮ ባሕሪያ በስብሰባ መካከል የጮኹበት ምክንያት

የተጠርጣሪ ቃል

ስም፦ ባሕሪያ ቱርካ
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ መተማ ዮሐንስ፣ ከኬላው በታች
ሥራ፦ ሻይና ፉል መሸጥ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠዋት
የተጠረጠሩበት ጉዳይ፦ የምክር ቤት አባሉ ከመራጮቻቸው ጋር ያደረጉትን ስብሰባ በጩኸት ማወክ

ቃል ለመስጠት የማልገደድ መሆኔ ተነግሮኛል፤ እኔ ግን መናገር እፈልጋለሁ። ትናንት በአዳራሹ ተነሥቼ መጮኼን አልክድም። የጮኽሁት ልጄ ስለሞተ ነው። መርማሪው የምክር ቤት አባሉን “የተከበሩ” ብዬ እንድጠራ ነግሮኛል። ከሳህኔ ሲበላ በድሩ ስለው ኖሬያለሁና በዚያው ይጻፍልኝ ብያለሁ።

በድሩ ኸሊልን ያወቅሁት በ1984 ዓ.ም. ሱዳን፣ ገዳሪፍ በስደት ሳለሁ ነው። እኔ ከሰሊጥ ገበያው ጎን ኪስራ የሚሉትን የሱዳን እንጀራና ፉል እሸጥ ነበር። የእሱ ሀብት አንድ ግመልና አንድ የእንጨት መጭመቂያ ነበር። ግመሉ ዓይኑ ታስሮ መጭመቂያውን ሲያዞር ይውላል፣ እሱ ዘይቱን በጠርሙስ እየሞላ ይሸጣል። ሰሊጥ ያጣ ዕለት መጥቶ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፣ አበላዋለሁ። ባለቤቴ ሲሞት አፈር ካለበሱት አንዱ እሱ ነው፤ ደግ የሠራውን አልክድበትም። ኋላ ግመሉን ሸጦ ባለሞተር መጭመቂያ ገዛ፤ ፋብሪካም ሆነለት፤ መካ ሄዶ ሐጂ ተባለ። ወደ አገራችን ከገባን በኋላም እዚህ መተማ ሁለተኛ ፋብሪካ ከፈተ። ሰዉ ባለሀብታችን ይለው ጀመር፤ እኔም ስሙ ሲነሣ ደስ ይለኝ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. በድሩ ራሱ ቤቴ መጥቶ “እናቴ፣ ሙዳሲርን ስጪኝ፤ የገዳሪፉን ሥራ የሚይዝልኝ የታመነ ሰው ያስፈልገኛል” አለኝ። ልጄን ከእጄ ተቀብሎ ወሰደው። ያለኝ ልጅ እሱ ብቻ ነበር።

በእኛ በድንበሩ ሰዎች ዘንድ ሱዳን ሄዶ ለሞተ ሰው መርዶውን የሚያመጣው ከእናቱ እጅ የወሰደው ሰው ነው። ያ ሰው ሽማግሌ ይዞ፣ ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ፣ በገዛ አፉ ይናገራል። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሁሉ ዝም ይላል። ቀድሞ የሚናገር እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ሰዉ ይህን ልማድ የያዘው ለእናት አዝኖ ነው፤ በድሩ ግን ለራሱ ተጠቀመበት።

ሙዳሲር በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ገዳሪፍ ፋብሪካ ውስጥ ሞተ። የሞተሩ ቺንጋ፣ የሚሽከረከረው ቀበቶ፣ ጀለቢያውን ይዞ ጎተተው። የቺንጋው መከለያ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ተነሥቶ ነበር አሉ። በዚያው ዕለት ተቀበረ። ከገዳሪፍ የተመለሱ ሠራተኞች ወሬውን አመጡ፤ መተማ ሁሉ ሲሰማ እኔ ብቻ አልሰማሁም። በድሩ ያን ጊዜ ለምክር ቤት ይወዳደር ነበር። የሞተው ልጅ ወሬ ከምርጫው በፊት እንዲነሣበት አልፈለገም።

በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ወፍ ሳይንጫጫ በሬ ተንኳኳ። በድሩ ሼህ ኸድርንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ገባ። ደነገጥሁ። “ሙዳሲር ደኅና ነው?” አልሁት። “ወደ ከሰላ ከተማ ልኬዋለሁ፣ አዲስ ዴፖ ከፍተናል፤ ስልክ የለውም እንጂ ደኅና ነው” አለኝ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ “የመጣሁት ለሌላ ነው፤ ዛሬ ሕዝቡን አደባባይ ሰብስቤያለሁ፤ እልልታውን አንቺ ክፈችልኝ፣ እናቴ አይደለሽ?” አለኝ። ሼህ ኸድር ዱዓ ሲያደርጉ እንባቸው ወረደ። ለምርጫው ብለው ልባቸው የተነካ መሰለኝ።

ጎረቤቶቼ ሽማግሌ በንጋት ሲገባ አይተው ተረዳች ብለው ለለቅሶ ተሰናድተዋል። እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ። ሣህሊቱ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሬ ላይ ቆማ ነበር። ሌላ ለቅሶ የምትደርስ መስሎኝ “አላህ ያጽናችሁ” ብያት አለፍሁ። አደባባይ ሄጄም ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እልል አልሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የሚለኝ ሰው ጠፋ። ሻዬን የሚጠጣው መንገደኛ ብቻ ሆነ። በድሩ በየወሩ ከገዳሪፍ ጀሪካን ዘይት ይልክልኝ ነበር። ሰዉ ያንን እያየ የልጇን ደም በዘይት ለወጠች ይል ኖሯል። እኔ ምን በደልሁ እያልሁ ነገሩን ሳላውቀው፣ ልጄን የበላው ማሽን ያወጣውን ዘይት ፉል ላይ እያፈሰስሁ በላሁ።

በዚህ ዓመት በጥር ወር ረዳ የሚባል፣ ከሙዳሲር ጋር ይሠራ የነበረ ልጅ፣ በገላባት በኩል ተሻግሮ መጣ። ሻይ አቀረብሁለት። የተረዳሁ መስሎት “እማ ባሕሪያ፣ ለለቅሶው ባለመድረሴ ይቅር በይኝ፤ የገነዝነው እኛ ነን” አለኝ። የማንን ለቅሶ ብዬ ጠየቅሁት፤ ያን ጊዜ ሁሉን ነገረኝ። ልጁ ያለቀሰውን ያህል እኔ ያን ቀን አላለቀስሁም፤ እንባ እንቢ አለኝ።

በድሩ አዲስ አበባ ስለነበር ምክር ቤቱ ለዕረፍት እስኪዘጋ ጠበቅሁት። ትናንት ስብሰባው ላይ ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። “በድሩ፣ ሙዳሲር የት ነው?” አልሁት። እሱም በሕዝብ ፊት “ሽማግሌ ይዤ መጥቼ ነግሬሽ የለም ወይ? ሐዘን አእምሮዋን ነክቷታል፤ እባካችሁ አሳርፏት” አለ። ወጪት ሰባሪ! ይህም ይጻፍ። ያን ጊዜ ጮኽሁ። ያን ያህል ሴት ባለበት አዳራሽ አንዲት እንኳ አብራኝ አልጮኸችም፤ ጥበቃዎች ጎትተው አወጡኝ።

ዛሬ መርማሪው እንደነገረኝ ሼህ ኸድርና ሁለቱ ሽማግሌዎች መርዶውን ነግረናታል ብለው ቃል ሰጥተዋል። በድሩ ደግሞ የምክር ቤት አባል ስለሆነ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይጠየቅ ተነግሮኛል። እንዲታሰርልኝ አልለምንም። ስብሰባ አውከሻል ተብዬ ብታሰርም ግድ የለኝም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ከተማ እኔ ሳላውቅ እልል ማለቴን ይወቅልኝ።

የተናገርሁት ሁሉ የሆነ ነው፤ ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። እናት የልጇን ሞት ሰምታ በዚያው ቀን አደባባይ ወጥታ እልል ትላለች ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ እሱም ከአሻራዬ ሥር ይፈርም።

የቃል ሰጪ የጣት አሻራ፦ ባሕሪያ ቱርካ

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን ውባየሁ (ፊርማ)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቃሉ ሲነበብ ሼህ ኸድር በክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ቃል ሰጪዋ ብዕሩን አቀረቡላቸው። አልፈረሙም።