ያልወረደው የእጅ ፍሬን

ነፋሱ ከባሕሩ መለስ ሲል ሂክማ ምንጣፏን ከግድግዳው ጥላ ሥር አነጠፈች፤ ሻይማንም አጠገቧ አስቀመጠች። የዘንድሮ ሙቀት እንዴት ነው፣ ሀሽሚ ገበያ ቲማቲም ረከሰ አሉ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ... እያለች ሻይ ቀዳችላት። ሻይማ ግን ለቲማቲም አልመጣችም። የወንድሟ ልጅ የሂክማን ልጅ ዳሊያን ለሚስትነት ጠይቋል፤ የዳሊያ አባት ደግሞ «እናቷ ያለችው ይሁን» ብሎ ነገሩን ሂክማ ላይ ጥሎታል። መልሱ የሚሰጠው ዛሬ ነው።

ጠያቂው ራሱ ከፊታቸው፣ ከቤቱ ፒካፕ ኋላ ተንበርክኮ መዶሻ ያወዛውዛል። ከአል-ዐሪሽ ዓሣ የሚያመላልሰው መኪና የኋላ ፍሬኑ ሲጮህ፣ እኔ እያለሁ ለጥገና ወርሻ ትወስዱታላችሁ ወይ ብሎ ዲስኮቹን ሊቀይር መጣ። ጎማዎቹን ፈታ፤ ዲስኮቹ ግን አልወጣ አሉ። የባሕር ጨው አዝጓቸው ነው አለ። ዘይት ረጨ፣ የፈላ ውሃ ደፋ፣ በመጨረሻ መዶሻውን አነሳ።

«ክንድ ማለት እንዲህ ነው፣ ኡኽቲ፣ እህቴ» አለች ሂክማ፣ ድምጿን ከመዶሻው በላይ ከፍ አድርጋ። «ማሻ አላህ። አንዳንዱ ሰው ሥራ ሲሠራ ጎረቤት እንኳ አይሰማም። አንዳንዱ ደግሞ... የበሳቲን ሰፈር በሙሉ ይሰማለታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ምስኪኖች... መዶሻ አላዩማ።»

ሻይማ ሻይዋን ፉት አለች።

ሂክማ ያየችውን አይታለች። የዚያ መኪና የእጅ ፍሬን ሞቶ ስለኖረ፣ የዚህ ቤት ልማድ ከጎማ ሥር ድንጋይ መወሸቅ ነው። በቅርቡ ሽቦውን ቀይሮ ነፍስ የዘራበት ይኸው ልጅ ነበር። ዛሬም መኪናውን ሲያቆም፣ አክስቱ ትይልኝ ብሎ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳበው። ከዚያ እንደ ቤቱ ልማድ ድንጋዩን ወሸቀና እጀታውን ረሳው። የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ዲስኮቹን ከውስጥ ጨምድዶ ይዟቸዋል። ልጁ የሚታገለው ከገዛ ሥራው ጋር ነው።

ልትነግረው ነበር። ኋላ ግን እስቲ ልየው አለች፤ የወንድ ጠባይ የሚታየው አልሆን ሲለው ነው።

«ሥራው እንዲህ የሚጠብቅለት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔስ አላየሁም። ለሠሪው እንኳ እምቢ የሚል ሥራ... በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ የእጅ ነገር መቼም ይረሳል። ደግሞስ ‹ምን ይዞት ይሆን?› ብሎ ጎንበስ ማለት የደካማ ሰው ነገር አይደለም እንዴ?»

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር፤ በሆዷም ትስቅ ነበር። ልጁ ግን ላቡን ጠረገና ዲስኩን በጫማው ረገጠው። «አንቺ ግትር፣ ሰብሬም ቢሆን አወጣሻለሁ» አለ።

ከቤቱ በር መጋረጃ ኋላ የዳሊያ ኮቴ ቆም አለ። የሂክማ ሳቅ ከዓይኗ ወርዶ ከንፈሯ ላይ ብቻ ቀረ።

«ሰማሽ ሻይማ? ያጫውታታል እኮ። ከብረት ጋር እንዲህ የሚያወጋ፣ ከሰው ጋርማ... ቤቱ ጭር አይልም። ራሱ አስሮ፣ ራሱ ‹ለምን አትሄጂም› ብሎ መምታት... ስንቱ ይችልበታል?»

ቢስሚላህ ብላ ተነሳች። መቁጠሪያዋ ከመኪናው መስታወት ላይ ተንጠልጥሏል። በሩን ከፈተች፤ መቁጠሪያዋን አወረደች፤ በዚያው እጇ የፍሬኑን እጀታ ዝቅ አደረገችው። ልጁ አላያትም። መዶሻውን ገና ነካ ሲያደርገው ዲስኩ እንደ ድስት ክዳን ወጥቶ እግሩ ሥር ወደቀ። ሌላውም ብዙ ሳያስለፋው ተከተለ። ልጁ መዶሻውን ከፍ አድርጎ፣ ይህ ክንድ የማያወጣው ነገር የለም እያለ ወደ አክስቱ ዞረ። ሻይማ ግን የምታየው የሂክማን እጅ ነበር።

ሂክማ ተመልሳ ተቀመጠች። ለሻይማ ሻይ ጨመረችላት፤ ስኳሩንም አበዛችው። ከዚያ መዳፎቿን ዘረጋች።

«እናት ነኝ፣ ሳልመርቀው አይሄድም። ያ ረብ፣ ይህን ክንድ ጠብቅለት፤ ጓዳውን ሙላለት። ለክንዱ የምትመጥን፣ የማትዝግ፣ የማትሰበር፣ የብረት ሚስት ስጠው። የኔዋን ልጅ ግን... ከሥጋ ነው የፈጠርካት።»

ወደ ሻይማ ዞር ብላ ፈገግ አለች። «አሚን በይ እንጂ፣ እህቴ።»