የአንኮበር ተሳፋሪዎች የአየር ጥቃት ልምምድ

የአገር መከላከያን ጉዳይ እንደ ተራ ወሬ ማውራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በደርግ ጊዜ ነው። አክስቴ አንኮበር አርፋ፣ ለስድስት ሰዓቱ ቀብር ልደርስ ከደብረ ብርሃን በማለዳ አውቶቡስ ከሌሎች ለቀስተኞች ጋር ተሳፍሬአለሁ። ሞተሩ እንደተነሳ አንድ ወጣት ካድሬ ገባና፣ «የአየር ጥቃት ልምምድ ሳይደረግ መንቀሳቀስ የለም! ውረዱና መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ በደረታችሁ ተኙ! ፊሽካ ሳልነፋ አንድ ሰው ከተነሳ ሁላችሁም እንደሞታችሁ ይቆጠራል፤ ልምምዱም እንደገና ይጀመራል!» አለ።

ተኛን። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብቅ ሲሉ ቦዩ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ። «በእግዜር፣ አትነሱ» አሉ። ካድሬው ጮኸ፤ እንደገና ተኛን። ቀጥሎ ሁለት ባልቴቶች መጡ፤ እንደገና ተነስተን እንደገና ሞትን።

«ኧረ ልጄ፣ ለቀስተኛውን ስንቴ ትገድለዋለህ? ሬሳው እኮ እየጠበቀ ነው!» አሉ አጠገቤ የተኙት እማማ።

ካድሬው በንዴት «እንዲህ ነው የሚተኛው!» ብሎ ራሱ በደረቱ ተዘረጋ። ይኼኔ ካድሬውን ራሱን ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ መጡ። ከሁላችን ቀድሞ «ኖር፣ የኔታ!» ብሎ ዘሎ የተነሳው እሱ ነበር።

እኔ ግን ሕግ አክባሪ ነኝና እንደተኛሁ፣ «ጓድ፣ አውሮፕላኑ ሄደ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ካድሬው የኔታን አየ፤ የጉልበቱን አቧራ አራገፈ። «ሄዷል። ተሳፈሩ!»

ደረስን፤ አክስቴንም በወጉ ቀበርናት። አደራችሁን፣ ይህን ለማንም አትንገሩ፤ ጠላት ከሰማ ቦምቡን ትቶ ሽማግሌ መላክ ይጀምራል።