በበረኪና የታጠበው ቅርፊት

እህቴ ዘነበች የበደለችኝ ባለቤቴ በሞተ በአርባኛው ቀን ነው። ሳልጠይቃት ቤቴን አጽድታ፣ እሱ ይለብሰው የነበረውን ጋቢ በበረኪና አጠበችው። ጠረኑም አብሮ ሄደ። ይኸው አራት ዓመት፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው ቤቷ እየመጣች ታንኳኳለች፤ አልከፍትላትም።

ትናንት ከልደታ ወደ አብነት ስሄድ፣ ታክሲው ውስጥ ከፊቴ አንዲት እናት ከጎልማሳ ልጇ ጋር ተቀምጣ ነበር።

«ሦስት ቀን ዝም አልከኝ እኮ!» አለችው።

«ምን ልበልሽ እማዬ?»

«ተቆጣኛ! የዓሣህን ገንዳ ላጽዳልህ ብዬ ነው። ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት መስሎኝ በበረኪና ፈተግኩት።»

«ዓሣዎቹ የሚኖሩት እኮ እዚያ ውስጥ ነው። የሚፈለፍሉትም እዚያው።»

«እኔ ምን አውቄ! ዓሣ ቀንድ አውጣ ቤት ይከራያል ያለኝ ማን አለ?»

ልጇ ሊስቅ ሲል ተወው።

«እስኪፈለፍሉ ስንት ጊዜ ጠበቅክ?»

«ስምንት ወር። ጫጩቶቹ ከቅርፊቱ ብቅ ማለት የጀመሩት የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር።»

«ምነው እጄን በሰበረው!»

«እንደሱ አትበይ። አትንኪ ብዬም አልነገርኩሽ።»

«እናቲቱስ?»

«እሷ ተርፋለች። አዲስ ቅርፊት አስገባሁላት፤ ትዞረዋለች እንጂ አትገባም።»

«በል እንግዲህ፣ ስደበኝና ይውጣልህ።»

«ሰደብኩሽ፣ በቃ። አሁን ምሳሽን ትበያለሽ?»

«አንተ ከበላህ።»

አብነት ስንደርስ ወረድኩና፣ ወደ ቤቴ በመሄድ ፈንታ ወደ ጠመንጃ ያዥ የሚሄድ ታክሲ ተሳፈርኩ።