ሠላሳ ሰባተኛዋ አሻንጉሊት

ግቢ ሠናይትዬ፣ ግቢ። ኧረ ጫማሽን አታውልቂ! ይኸ ወለል አንቺን ያቆሽሽሻል እንጂ አንቺ እሱን አታቆሽሺውም። ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ዘንድሮ የጉና ውርጭ ጓዙን ጠቅልሎ ደብረ ታቦር የገባ ነው የሚመስል። ልጆቹ ደኅና? ላሟስ ወለደች? እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት።

በሩን ገርበብ አድርጊው፣ አትዝጊው። ከዘጋነው «ምን ሊሠሩ ነው የዘጉት» ይባላል፤ ከከፈትነው ደግሞ ድመቶቹ ይወጡብኛል። ገርበብ ማለት ደግ ነው። ለአላፊ አግዳሚውም አንገት ማስገቢያ ይሆናል… አንገት ለሰጠው ሰው ማለቴ ነው።

እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጪ፣ ሻለቃ ፀጉሩን አራግፎበታል። ሻለቃ ያ ግራጫው፣ ወፍራሙ ነው። ይቺ አመዳሟ እሜቴ ናት። አይጥ ትይዝልኛለች ብዬ አምጥቻት እሷ እኔን ያዘችኝ። አሁን ከመደቡ ላይ ማን ይነሣ ሲባል የምነሣው እኔ ነኝ።

ምነው ዓይንሽ ቡፌው ውስጥ አሻንጉሊቶቼ ላይ ቀረ? እዪ እንጂ፣ ተጠግተሽ እዪ! በበር ገብቶ ለሚያይ ሰው ነውር የለውም። ይቺ ገሳይ መንገድ ዳር ድንች የምትሸጠዋ ናት። ይኸ ባና የለበሰው የጉና ገበሬ፣ ይኸ ደግሞ እብናት ገበያ በግ የሚነዳው። ይቺ ሻሽ የጠመጠመችው ከሩቅያ ሱቅ በተረፈ ቁራጭ የተሰፋች ናት፤ ሩቅያ አይታ «አፍንጫዬን አሳጠርሽው» ብላ እስክትወድቅ ሳቀች። ሰው እንዲህ ፊት ለፊት ቢስቅብኝ እኮ ደስ ይለኛል።

እኔም ራሴን እታዘበዋለሁ፣ አትሳቀቂ። ሠላሳ ዓመት የእጅ ሥራ አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ ባል ያላገባች፣ ልጅ ያልወለደች ሴትዮ፣ ሠላሳ ስድስት አሻንጉሊትና ሁለት ድመት ይዛ… ሌላ ሰው ብትሆን እኔ ራሴ አማት ነበር። እውነቴን ነው! ወንበር ስቤ፣ ከፊት ተቀምጬ ነበር የማማት። ስለዚህ በሚያማኝ አልፈርድም። የሚጸልይልኝን ነው የፈራሁት።

መጀመሪያ ያስቀመጥኳቸው እንዲህ በመስታወት አልነበረም። ጌጡ አናጢው ግድግዳው ላይ ሳንቃ መታልኝና እሱ ላይ ደረደርኳቸው። ሻለቃ ከመደቡ ተነሥቶ ሳንቃው ላይ ዘለለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? ሻለቃ ብብት ስለሌለው የቆጡን በሙሉ ጣለው። የቄሱን አሻንጉሊት ጥምጥም ቆረጣጥሞ በላብኝ፤ ሁለት ቀን እንዳሳለው ከረመ።

ከዚያ እኔ ብልጧ በገመድ ልስቀላቸው አልኩ። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጠርኩ። በወገባቸው ባስር ቀሚሳቸው ይጨማደድብኛል ብዬ… በአንገታቸው። ሠላሳ ስድስቱንም በአንገታቸው! ልብሳቸው ተሰፍቶ ያላለቀው በመርፌ ተይዟል፤ አንዷ ደረቷ ላይ መርፌ፣ አንዱ ጀርባው ላይ መርፌ። ድመት የጤና አዳም ሽታ አትወድም ሲሉ ሰምቼ በየእግራቸው ጤና አዳም አሰርኩ። እሜቴ ወደ ላይ እንዳታንጋጥጥ ደግሞ የወተት ሳህኗን ከሥራቸው አኖርኩላት። ዓይኗ ወደ ታች ይውላል ብዬ እኮ ነው! አየሽልኝ ዕውቀት? ወተቱን ጠጥታ፣ በወተቱ ጉልበት አግኝታ ዘለለችባቸው።

እንግዲህ ይኸን ሁሉ በመስኮት ያየ ሰው…

ማንም አየ አላልኩም። መስኮቴ ከመንገዱ ከፍ ይላል፣ ድንጋይ ላይ ካልቆሙ አያሳይም። ድንጋይ ግን አለ፤ ጠፍጣፋ፣ ለእግር የሚመች ድንጋይ። ማን አመጣው ትዪኛለሽ? እኔ ምን አውቄ! ጎርፍ አምጥቶት ይሆናል። ጥቅምት ላይ ጎርፍ የለም እንጂ። መጋረጃውን የቀደደው ደግሞ ሻለቃ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ፤ ድመት በቀደደው የገባው ዓይን ብቻ ነውና ተመስገን ነው።

ስሟን አልጠራም፣ አንቺም አትጥሪብኝ። ስም ጠርቶ ማንሣት ሐሜት ነው፤ ስም ሳይጠሩ ማመስገን ግን ጽድቅ ነው፣ አይደል? ምን የማይመሰገን ነገር አላት! ቅዳሴ አይቀራት፣ ስግደት አይቀራት፣ የሰው ቤት አይቀራት። ያየችውንም እንደ ሌላው ሰው በየጉሊቱ አልዘረገፈችውም። ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዕንባዋ በዓይኗ ሞልቶ «እኅታችንን ብዙነሽን በጸሎት እናስባት» ነው ያለችው። በጸሎት! «ሠላሳ ሰባት ጣዖት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ረቡዕ ቀን ወተት ትገብርላቸዋለች» አለች አሉ።

ረቡዕ መሆኑስ ልክ ናት፣ አልክድም። ድመቷ ረቡዕና ዓርብ አትጾምም። ይኸን ኃጢአቷን ለነፍስ አባቴ ተናዝዤላታለሁ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይላሉ፣ የኔዋ እኮ ጭራሽ አልመነኮሰችም! ቆብ አልጫነች፣ ደጀ ሰላም አልዋለች፤ አመሏን ብትይዝ ማን ይፈርድባታል? እኔን የሚጨንቀኝ ስለ መነኮሰችቱ ነው።

ቁጥሩ ነው ያስገረመኝ። እኔ ሠላሳ ስድስት ነው የሰፋሁት። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ስድስት። መርፌ ያስያዝኳቸውንም ጨምሬ ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ስድስት። ሌሊቱን አስቤ አስቤ ጠዋት ሲገባኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሠላሳ ሰባተኛዋ እኔ ነኝ! ያን ዕለት ከሥራቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ክር በአፌ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ አንቀላፍቼ ነበር። ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ። ሃያ ዓመት ከኔ ጋር በአንድ ጽዋ የጠጣች ሰው ናት እኮ። ፊቴን ከጨርቅ መለየት አቃታት። ወይ እኔ አርጅቻለሁ፣ ወይ ስታየኝ የኖረችው እስከ ዛሬም አይታኝ አታውቅም።

እ… ይኸስ አያስቅም።

በጽዋው ዕለት አንቺም ነበርሽ፣ ታውቂዋለሽ። የጥቅምት ማርያም ተራዋ የኔ ነበረች። ጠላ ጠምቄያለሁ፣ ድፎ ደፍቻለሁ፣ አግዳሚ ወንበር ከሩቅያ ቤት ተውሼ ደርድሬያለሁ። የአባቴን ነጠላ ዘርግቼ የጽዋውን ቦታ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። «ቤቷን እስክታጠራ ይለፋት» ተባለ። ማን አለ? ሁሉም አለ፤ ጀማሪው ብቻ አይታወቅም። ጽዋው ተሸፍኖ፣ እናንተ ከኋላው እየዘመራችሁ፣ በዚህ በደጄ በኩል አለፈ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ያልፋል አላልኩም፤ ይገባል ብዬ ነበር የቆምኩ። ሲያልፍ ተሳለምኩት። ገብቼ ያንን ሁሉ ባዶ ወንበር ሳይ አለቀስኩ፣ ምን እዋሽሻለሁ። ለአሻንጉሊት እንባ የሚያወጣ ሰው የለም፤ ለዚያች ጽዋ ነው። እናቴ ስትሞት «ቦታዬን አትልቀቂ» ብላ የሰጠችኝ ማኅበር ነው። አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ ነበር ያለፍሽ… ድንጋይ እንዳይመታሽ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። መንገዱ መጥፎ ነው።

ጠላው ኮመጠጠ። ወንበሩን ለሩቅያ ስመልስ «ሰው ብዙ መጣ?» አለችኝ። «ሠላሳ ስድስት» አልኳት።

ከዚያ የነፍስ አባቴ ተልከው መጡ፣ ጠበል ይዘው፣ መስቀላቸውን ይዘው። ገብተው ቀና ሲሉ ተሰቅለው አዩዋቸው። እኔ ደግሞ ድንጋጤ አፌን አስሮት «ድመት ነው አባ፣ ድመት ነው» ብቻ እላለሁ። አንድ በአንድ አዩ። ያን ጥምጥሙ የተበላውን ቄስ አንሥተው «ይኸ እኔ ነኝ?» አሉ። «ጢሙ ነው እንጂ አባ…» አልኩ። ሳቁ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ! ቀጥለው «አፍ አላቸው አይናገሩም፣ ዓይን አላቸው አያዩም የተባለላቸው ናቸው፤ ማንን ይጎዳሉ ልጄ?» አሉኝ። «እውነትዎን ነው አባ» አልኳቸው። «እኔን የጎዳኝ አፍ ኖሮት የሚናገር፣ ዓይን ኖሮት የሚያይ ነው» አልኳቸው።  

ለማንኛውም ብለው ጠበሉን ሲረጩት ሻለቃን ነካው። እሪ ብሎ በመስኮት ዘለለ! ወዲያው ከውጭም እሪታ ተሰማ። የድመት አልነበረም። እኔ እንግዲህ ወጥቼ አላየሁም፣ የሰው ጉዳይ ውስጥ አልገባም። ብቻ በማግሥቱ አንዲት እኅታችን ጉንጯን በነጠላ ሸፍና ነበር አሉ። ጥርሴን አሞኝ ነው አለች። ይማራት። ሦስት መስመር አድርጎ የሚቧጥጥ የጥርስ ሕመም ግን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አሁን እንዲህ አድርጌ አኑሬያቸዋለሁ። ቡፌውን ጌጡ ግድግዳው ላይ በምስማር ቸነከረው፣ ሻለቃ እላዩ ላይ ቢጨፍርም አይነቃነቅም። መስታወቱ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው፤ እሜቴ በሦስተኛው ቀን በመዳፏ መክፈት ለምዳ አገኘኋት፣ የእንጨት መቀርቀሪያ አስመታሁበት። አሻንጉሊቶቹ እንዳይወድቁ ከየእግራቸው ሥር ጧፍ አቅልጬ አጣበቅኩ። አዎ፣ ጧፍ! ሂጂና ጧፍ ታበራላቸዋለች ይበሉ ደግሞ። ማብራትስ አላበራሁም፤ ሰም ነው፣ ከሥር ሰም ብቻ ነው። ወርቁን አንቺ ፈልጊው፣ ያገር ልጅ ነሽ።

ያቺን ዳር ላይ ያለችውን አየሻት? አንገተ መለሎዋን፣ ባለ ንቅሳቷን፣ ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋችውን። ማንን ትመስላለች? እኔ ማንንም አስቤ አልሠራኋትም፣ እጄ ነው የሠራት። የሚገርምሽ ሁሉንም ሲቧጥጡ ሲጎትቱ፣ ያቺን ድመቶቹ አንድ ቀን ነክተዋት አያውቁም። ያሸቷትና ወደ ኋላ ይላሉ። እንስሳ መቼም ጨዋ ሰው ያውቃል።

በይ አሁን የመጣሽበትን ልንገርሽ፣ ከምታፍሪ። አባ ለማኅበሩ «ጣዖት የለም፣ ጨርቅ ነው» ብለዋል። እሑድ ተሰብስባችሁ የኅዳር ጽዮን ጽዋ ለማን ይሰጥ ልትሉ ነው። አንቺ «ብዙነሽ ትቀበላለች ወይስ ተቀይማለች» ብለሽ እንድታጣሪ ተላክሽ። ያቺ የተባረከች ደግሞ «እኅታችንን አናስቸግራት፣ የጥቅምቱን ተቀብያለሁ፣ የኅዳሩንም እኔው ልድገመው» ብላለች፤ እሱም ደርሶኛል። ደግነቷ ማለቂያ የለውም! የሰው ሸክም ሳትጠየቅ ነው የምትወስድ… ከወሰደች አትመልስም እንጂ።

እቀበላለሁ በያቸው። ተቀይሜያለሁ፣ እቀበላለሁም። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ፀጉር አለው፣ ባለቤቷም ከአሻንጉሊቶቿ ጋር የምትቀላቀል አሮጊት ናት። ጽዋው ግን በዚህ ደጅ ሁለተኛ አያልፍም። ካለፈም ቆሜ አልሳለመውም፤ እከተለዋለሁ፣ የገባበት ቤት እገባለሁ፣ ከእናንተው መሐል እቀመጣለሁ። እንዲያው እንዳልኩሽ ንገሪያቸው። አንዳች አትጨምሪበት፤ መጨመሩን የሚችልበት ሰው አለ።

ልትሄጂ ነው? መንገድሽ በእሷ ደጅ በኩል አይደል? ሰላም በያት፣ በኔ አፍ ሳሚያት። ቂም አልያዝኩባትም፣ ኧረ እንዲያውም ዘወትር በጸሎቴ አስባታለሁ፣ እሷ እኔን እንዳሰበችኝ። ማርያም ዕድሜዋን እንደ ማቱሳላ ታርዝምላት። ጎተራዋን ትሙላላት፣ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ታብቃላት። ከክፉ ሰውም ትጠብቅልኝ… ይልቁንም ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትሆን። አሜን በይ እንጂ!